የወንጀል ልብ ወለድን ከመፍትሔው ጀምሮ መጻፍ፤ ከአጋታ ክሪስቲ የንባብና የሥራ ልማድ የምንማረው

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሬሳው ይጀምራል። አንድ ሰው ሞቶ ይገኛል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ጸሐፊው ራሱ ገና ስላልወሰነ ታሪኩ ጥቂት ምዕራፎች ከተጓዘ በኋላ መሄጃ ያጣል። እንዲህ ተጀምሮ የሚቀር ረቂቅ የጸሐፊውን ተሰጥኦ ማነስ አያሳይም፤ የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጡን ነው የሚያሳየው። ቅደም ተከተሉን ለመማር ከእንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ የተሻለ መምህር አላውቅም። ክሪስቲ በ1890 ተወልዳ በ1976 እስክታርፍ ድረስ 66 የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን የጻፈች ሲሆን፣ ምን ታነብ፣ ሐሳቧን ከየት ታገኝ፣ እንዴትስ ትጽፍ እንደነበር በራሷ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍና በማስታወሻ ደብተሮቿ በኩል በሰፊው ደርሶናል። እዚህ የማቀርበው ያንን ልማድ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው በሚጠቅም መልክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የመጻሕፍቷን ፍጻሜ ደግሞ ላላነበበ ሰው ደስታውን ላለመንጠቅ ስል የትም ቦታ አልገልጽም።

አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ያንብቡ

የክሪስቲ እናት ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ማንበብ የለበትም የሚል እምነት ነበራቸው፤ ልጃቸው ግን አምስት ዓመት ሳይሞላት በራሷ ጥረት ማንበብ ቻለች። በቤታቸው የቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለዶች ጮክ ተብለው ይነበቡ ነበር፤ የሼርሎክ ሆምስን ታሪኮች ያስተዋወቀቻት ደግሞ በብዙ ዓመት የምትበልጣት እኅቷ ማጅ ናት። ሁለቱ እኅትማማቾች ካደጉ በኋላ ፈረንሳዊው ጋስቶን ለሩ ስለ ተዘጋ ክፍል የጻፈውን የምሥጢር ልብ ወለድ አንብበው ሲወያዩ፣ አጋታ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ብሞክር ደስ ይለኛል ብትል፣ ማጅ ሥራው ከባድ እንደሆነና እንደማትችለው ነገረቻት። ይህ ንግግር ከአእምሮዋ አልወጣም፤ ዓመታት ቆይቶም ለመጀመሪያው መጽሐፏ ምክንያት ሆነ።

ካደገች በኋላ ግን ንባቧ በወንጀል ታሪክ ብቻ አልታጠረም። ሼክስፒርን አጥብቃ ትወድ ነበር። ከዘመኗ ጸሐፍት መካከል ኤልዛቤት ቦወንን፣ ሙሪየል ስፓርክንና ግሬአም ግሪንን ታደንቅ እንደነበር፣ እንደነርሱ ለመጻፍ ብትመኝም እንደማትችል ማወቋን በሕይወት ታሪኳ ውስጥ በግልጽ ጽፋለች። ለጀማሪ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የምናደንቀውና መሥራት የምንችለው ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጊዜውን በማይሆነው መንገድ አያባክንም።

ስለዚህ አንድ ጥሩ የወንጀል ልብ ወለድ ይምረጡና በመጀመሪያ እንደማንኛውም አንባቢ ለደስታ ያንብቡት። ከጨረሱ በኋላ መልሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይነሡ፤ በዚህ ጊዜ እርሳስ ይያዙ። ወንጀለኛውን የሚያጋልጠው ማስረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው በየትኛው ገጽ ነው? የተናገረው ማን ነው? አንባቢው እንዳያስተውለው ከጎኑ ምን ተቀምጦለታል? ወንጀለኛው የሚናገረውን እያንዳንዱን ቃል ሁለተኛ ሲያነቡት የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት፣ የትኛውስ ሁለቱንም የሚመስል እንደሆነ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ። የዚህን ሙያ ጥበብ የሚያስተምረው ሁለተኛው ንባብ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሁላችንም ተታላዮች ነንና ምን እንደተደረገብን ለማየት አንችልም። ከዚህ ጎን ለጎን የፍርድ ቤት ዘገባዎችን የማንበብ ልማድ ያዳብሩ። ምስክሮች ስለ አንድ ድርጊት ሳይዋሹ እንኳ እንዴት የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ጽሑፍ የለም።

ከሚያውቁት ሙያ ይነሡ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሪስቲ በትውልድ ከተማዋ በቶርኪ በሚገኝ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ነርስነት አገለገለች፤ ቀጥሎም ወደ መድኃኒት ቤቱ ተዛወረች፤ የመድኃኒት ቅመማ ፈተናም በ1917 አለፈች። በመድኃኒት ቤቱ ሥራ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ለሰዓታት ሰው አይመጣም። የመጀመሪያውን ልብ ወለዷን ማሰብ የጀመረችው በዚያ ባዶ ሰዓት፣ መርዞቹ በተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ተቀምጣ ነው። ዙሪያዬን መርዝ ስለከበበኝ ግድያው በመርዝ ቢሆን ተገቢ ነው ብላ አሰበች። መጽሐፉ በ1920 አሜሪካ ውስጥ፣ በ1921 ብሪታንያ ውስጥ ሲታተም አንድ የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት የመርዙ ነገር በትክክል መቅረቡን አመሰገነ፤ እርሷም በዚያ ምስጋና እጅግ ተደሰተች። መርማሪውን ሄርኩል ፖይሮን ቤልጅየማዊ ያደረገችውም በዚያው ጦርነት ከአገራቸው ተሰደው ቶርኪ የሰፈሩትን ቤልጅየማውያን ስላየች ነው።

በዚያው ሥልጠና ወቅት አንድ መድኃኒት ቀማሚ ኩራሬ የተባለውን መርዝ በኪሱ ይዞ እንደሚዞርና ይህም የኃያልነት ስሜት እንደሚሰጠው ነግሯት ነበር። ያን ሰው ከ40 ዓመታት በላይ በአእምሮዋ አቆይታ በ1961 ለታተመ ልብ ወለዷ ተጠቀመችበት። የባቡሩ ታሪኳም እንዲሁ ነው። በ1928 ብቻዋን በኦሪየንት ኤክስፕረስ ተሳፍራ ወደ ባግዳድ አቀናች፤ በ1931 መጨረሻ ደግሞ በዚሁ ባቡር ስትመለስ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ መንገደኞቹን ስላዘገያቸው፣ አብረዋት የተሳፈሩትን ሰዎች ጠባይ አንድ በአንድ ለባለቤቷ ለአርኪዮሎጂ ባለሙያው ለማክስ ማሎዋን በደብዳቤ ጻፈችለት። ዝነኛው የባቡር ልብ ወለዷ በ1934 ወጣ።

እርስዎ የመርዝ ዕውቀት ላይኖርዎ ይችላል፤ የግድ አያስፈልግዎትምም። የሚያስፈልገው በሥራዎ ምክንያት እርስዎ የሚያውቁት፣ ከውጭ የሚያይ ሰው ግን በስሕተት የሚገምተው አንድ ነገር ነው። የባንክ ሠራተኛ የካዝናው ቁልፍ ለሁለት ሰው ተከፍሎ እንደሚያዝና ከሁለቱ አንዱ ሲታመም ምን እንደሚደረግ ያውቃል። የመጋዘን ጠባቂ እርጥበት የበዛበት ቡና ሲደርቅ በሚዛን ላይ ስንት ኪሎ እንደሚጎድል ያውቃል፤ ያልሰረቀ ሰው በሌብነት የሚጠረጠርበት ታሪክ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ከእንዲህ ዓይነቱ ዕውቀትዎ አሥር ያህሉን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ በጣም የለመዱትንና ተራ የመሰልዎትንም አይዝለሉ።

ሰዎችን ስለ መቅረጽ የክሪስቲ ልማድ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። በቅርብ የምታውቀውን ሰው ለመጻፍ ስትሞክር እንደማይሳካላት ስለተረዳች፣ በትራም ወይም በምግብ ቤት ለጥቂት ደቂቃ ያየቻቸውን እንግዶች ወስዳ የቀረውን ራሷ መፍጠርን መረጠች። የማናውቀው ሰው የምንፈልገውን እንድናደርገው ይፈቅድልናል፤ የምናውቀው ሰው ግን እርሱ እንዲህ አያደርግም እያለ ይከራከረናል። ማርፕል የተባሉትን አሮጊት መርማሪ የቀረጸችው የአያቷን ባልንጀሮች የመሰሉ አሮጊቶችን በማሰብ ሲሆን፣ ከአያቷም አንድ ጠባይ ብቻ ወሰደችላቸው፤ ይኸውም ከማንም ሰው ክፉውን መጠበቅና አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ሆኖ መገኘት ነው። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊትዎ የተቀመጠው እንግዳ፣ ቦርሳውን በሁለት እጁ እንደያዘ ከወረደ፣ ለአንድ ገጸ ባሕርይ በቂ መነሻ ነው።

ደብተሩና የታሪኩ ዕቅድ

ከክሪስቲ ደብተሮች መካከል 73ቱ ተርፈው ግሪንዌይ በተባለው የዴቨን መኖሪያ ቤቷ ተገኝተዋል፤ ጆን ከረን የተባለ ተመራማሪም አጥንቶ በ2009 ስለእነርሱ መጽሐፍ አሳትሟል። ደብተሮቹ ተራ የተማሪ ደብተሮች ናቸው። ቀን የተጻፈባቸው ጥቂቶች ናቸው፣ የአንድ ልብ ወለድ ዕቅድ በብዙ ደብተሮች ተበታትኖ ይገኛል፣ ከግድያ ዕቅድ ቀጥሎ የገበያ ዝርዝር ወይም የካርታ ጨዋታ ነጥብ ይመጣል። በገጾቹ ላይ ራሷን ትጠይቃለች፤ ገዳዩ ሚስትየዋ ብትሆንስ? ወንድሙስ ቢሆን? ከዚያም ትዕይንቶቹን በፊደል ቅደም ተከተል እየሰየመች ትዘረዝርና ፊደሎቹን እያቀያየረች ቦታ ታዛውራቸዋለች። ይህ ዘዴ በሀ፣ ለ፣ ሐ እጅግ ቀላል ስለሆነ ከነገ ጀምሮ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ርካሽ ደብተር ይግዙ፣ ሁልጊዜ ይያዙት፣ ሐሳብዎን በጥያቄ መልክ ይጻፉ፣ ለማሳመር ግን አይድከሙ።

አሁን አንድ ታሪክ ከመጨረሻው ጀምረን እንሥራ። በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር የዕቁብ ገንዘብ ያዥ ቅዳሜ ማታ በቤቷ ተገድላ ትገኛለች፤ የዕቁቡ ገንዘብም የለም። ደብተሩን ስንከፍት መጀመሪያ የምንጽፈው ይህን አይደለም። የምንጽፈው እውነቱን ነው። ገዳዩ የወንድሟ ልጅ ነው፤ ዕዳ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጀራ እንደምትጋግር ስለሚያውቅ፣ እርሷ ወጥ ቤት ሆና ሳታየው ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ገንዘቡን ወስዶ ሊወጣ ዐቅዶ በያዘው ቁልፍ ገባ። ወጥ ቤቱ ጸጥ ማለቱን አላስተዋለም፤ አክስቱ መኝታ ቤት ጋደም ብላ ነበርና ያዘችው፤ ደንግጦ ገደላት። ሲወጣ አንዲት ጎረቤት ደረጃው ላይ ስላየችው መምጣቱን መካድ አይችልም። ስለዚህ ለመርማሪው እንዲህ ይላል፦ «10 ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ ነበር። ምጣድ ላይ ሆና ስትጋግር በበሩ አየኋትና ላላስቸግራት ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ።»

የሚያጋልጠው ነገር ምንድን ነው? ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በሕንፃው መብራት አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር አይቻልም። አክስትየዋ የጋደመችውም መብራቱ እስኪመጣ ነበር። እውነቱን ካወቅን በኋላ የሚቀረን ማስረጃውን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ምዕራፍ፣ በተለያየ ሰው አንደበት፣ ለሌላ ዓላማ የተነገረ አስመስሎ ማስቀመጥ ነው። የመብራቱን ነገር ለሕንፃው ጥበቃ እንስጠው። ጥበቃው የሚናገረው መብራት መጥፋቱን ለማስመዝገብ አይደለም፤ ኳሱ ሊጀመር ሲል ቴሌቪዥኑ በመጥፋቱ ተናድዶ እያማረረ ነው። ምሬቱን እንደጨረሰም ጥቁር ሻንጣ የያዘ የማይታወቅ ሰው በበሩ ሲወጣ ማየቱን ይጨምራል። አንባቢው ከባለሻንጣው ጋር ይሄዳል፣ መርማሪውም ለጊዜው ይከተለዋል፤ የመብራቱ ወሬ እዚያው ገጽ ላይ ማንም ሳይነካው ይቀራል።

ሁለተኛውን ማስረጃ በቤቱ ገለጻ ውስጥ እናስገባው። መርማሪው ወጥ ቤት ሲገባ የተገለበጠ ወንበር፣ ያልታጠበ የቡና ሲኒ፣ ከባልዲው አፍ ሞልቶ የፈሰሰ ሊጥ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ያያል። ሊጡ ሦስተኛ ተራ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በዝርዝር ውስጥ አንባቢ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይበልጥ ያስታውሳል፤ የተሰበረው ብርጭቆም የትግል ምልክት ስለሚመስል ዓይኑን ይስባል። ያልተጋገረ ሊጥ ግን ስትጋግር አየኋት ያለውን ሰው በዝምታ ይመሰክርበታል።

ከዚህ በኋላ ቀዳዳዎቹን መድፈን ነው። በከሰል ወይም በእንጨት ብትጋግርስ? አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት እንደማይነድ አንባቢው ያውቃል፤ ሆኖም ቀደም ባለ ምዕራፍ ለምጣዱ ኤሌክትሪክ በሚከፈለው ሒሳብ ከባሏ ጋር መነታረኳን ብናስገባ ጥርጣሬው ይዘጋል። መብራቱ የጠፋው በአንድ መስመር ብቻ ቢሆንስ? ሌላ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሥጋ እንዳይበላሽ መስጋቷን ትናገር። እነዚህን ጥያቄዎች ጸሐፊው አስቀድሞ ካልጠየቀ አንባቢው ይጠይቃል። ክሪስቲ አባል የነበረችበትና ከ1957 እስከ ዕለተ ሞቷ በፕሬዚዳንትነት የመራችው የለንደኑ የመርማሪ ልብ ወለድ ጸሐፍት ክበብ፣ አባላቱ መርማሪዎቻቸው በተአምር ወይም በአጋጣሚ ሳይሆን በማስረጃ እውነቱ ላይ እንዲደርሱ ቃል ያስገባ ነበር። ማስረጃን ከአንባቢ መሸሸግ ማታለል ነው፤ ማስረጃን በአንባቢ ዓይን ፊት አስቀምጦ ሳያየው እንዲያልፍ ማድረግ ግን የዚህ ሙያ ክብር ነው፤ በዚህ ጉዳይ አቋሜ አይናወጥም።

መጻፍ

ጋዜጠኞች በጽሕፈት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ፎቶግራፍ ሊያነሷት ሲጠይቁ ክሪስቲ ትቸገር ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ለጽሕፈት ብቻ የተለየ ክፍል አልነበራትምና። የማይነቃነቅ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ካገኘች ይበቃት ነበር፤ የምግብ ጠረጴዛው በምግብ ሰዓቶች መካከል፣ የመኝታ ቤቱ የፊት መታጠቢያ ጠረጴዛ በሌላው ጊዜ ያገለግላት ነበር። ዕቅዷን የምታወጣው ደግሞ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፋ ፖም እየበላች ወይም በእግሯ እየሄደች ነው። ስለዚህ የራሴ ክፍል ሲኖረኝ እጽፋለሁ የሚል ሰው ምክንያቱን እንደገና ቢያጤነው መልካም ነው።

የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ግማሽ ላይ አድርሳ ነገሩ ሲወሳሰብባት፣ እናቷ ዕረፍት ወስዳ ብቻዋን ሄዳ እንድትጨርሰው መከሯት። ዳርትሙር በተባለው ገላጣ ምድር ወደሚገኝ ሆቴል ለሁለት ሳምንት ሄደች። ጠዋት እጇ እስኪደክም በእጅ ትጽፋለች፤ ከምሳ በኋላ በሜዳው ላይ ረጅም መንገድ እየተጓዘች የሚቀጥለውን ምዕራፍ ንግግሮች ለራሷ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ማታ ትተኛለች፤ በማግሥቱ ትላንት የተናገረችውን ትጽፋለች።

ይህን የመናገር ልማድ ለአማርኛ ጸሐፊ አጥብቄ እመክራለሁ። በጽሑፍ ያማረ የመሰለ ምልልስ በአፍ ሲነገር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ አማርኛ በዛሬው እንግሊዝኛ የማይገኝ ማስረጃ የማስቀመጫ ቦታ አለው። በመርማሪው ፊት «እርስዎ» እየተባባሉ እንደማይተዋወቁ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በድንጋጤ መካከል «ተው አንተ!» ቢል፣ የቆየ ቅርርባቸው በአንዲት ቃል ይገለጣል። ክሪስቲ ይህ መሣሪያ አልነበራትም፤ እኛ አለን። ይሁን እንጂ የሚሠራው በመጽሐፉ ሙሉ እያንዳንዱ ሰው ማንን አንቱ፣ ማንን አንተ እንደሚል ሳይዛነፍ ከተጻፈ ብቻ ነው። ስለዚህ በደብተርዎ አንድ ገጽ ለይተው ማን ለማን ምን እንደሚል ይመዝግቡ።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ

ክሪስቲ ገና ወጣት ሳለች ጎረቤታቸው የነበረው ደራሲ ኤደን ፊልፖትስ ረቂቋን አንብቦ፣ ሥነ ምግባር የሚሰብኩ ሐተታዎችን እንድታወጣና ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው እንዲናገሩ እንድትተዋቸው መክሯት ነበር። ለእኛም ምክሩ የተገባ ነው፤ ገዳዩ ከተያዘ በኋላ ስለ ገንዘብ ፍቅር ክፋት የሚጻፉት ሁለት ገጾች ይውጡ።

ቀጥሎ ረቂቁን ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይስጡ፤ ወደዳችሁት ወይ ብለው ግን አይጠይቁ። ማንን፣ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንደጠረጠሩ በኅዳጉ ላይ እንዲጽፉልዎ ያድርጉ። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ወንጀለኛውን ከደረሱበት ማስረጃው ጎልቷል ማለት ነው፤ ማንም ካልደረሰበት ደግሞ መፍትሔውን ካነበቡ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ማስረጃውን ሲያገኙ ይስማሙ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ካልተስማሙ የጎደለ ነገር አለ።

አሳታሚ ለውጥ ቢጠይቅ ቸኩለው አይቆጡ። የክሪስቲ የመጀመሪያ መጽሐፍ በበርካታ አሳታሚዎች ከተመለሰ በኋላ የቦድሊ ሄድ ባለቤት ጆን ሌን የተቀበለው፣ መርማሪው ፍርድ ቤት ቆሞ ምሥጢሩን የሚያስረዳበት የመጨረሻ ምዕራፍ እንዲቀየር ጠይቆ ነው፤ እርሷም ቀየረችው፤ መጽሐፉም ተሻለ። በውሉ ላይ ግን እንደ እርሷ አያድርጉ። መጽሐፌ ሊታተም ነው በሚል ደስታ በጥንቃቄ ሳታነብ የፈረመችው ውል ቀጣዮቹን አምስት መጻሕፍቷን ለዚያው አሳታሚ የሚያስር ሲሆን፣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ያገኘችውም 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ስንት መጻሕፍትን እንደሚሸፍን፣ የትርጉም፣ የሬዲዮ ትረካና የፊልም መብቱ በማን እጅ እንደሚቀር፣ ሁለተኛ እትም ሲወጣ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ያልገባዎትን አንቀጽ ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ።